ምሳን ከቁርስ ያስታረቀ ሰሌዳ

በአዲስ አበባ ስላሉት ሱፐርማርኬቶች ብዙ ሮሮ ይሰማል፤ የሠራተኞቻቸውን እረፍት ስለሚደለድሉት ሱፐርቫይዘሮች ጥበብ ግን አንድም ሰው በጎ ቃል ሲናገር አልሰማሁም። ይህን የምስጋና ዕዳ ለመክፈል ያህል፣ በሰፈሬ በሚገኝ አንድ መደብር የዕቃ ክፍል በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈችውን ሰሌዳ ላወድስ ተነሥቻለሁ።

በሰሌዳዋ መሠረት ከጠዋቱ 2 ሰዓት የገባችው ካሸር የምሳ ተራዋ 4 ሰዓት ላይ ይደርሳታል። ቁርሷ ገና ከጉሮሮዋ ሳይወርድ ምሳዋን የምትደርብበት ይህች ልጅ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ስለ እህል የምታስብበት ምክንያት ስለማይኖራት፣ ሙሉ ልቧን ለደንበኛ ትሰጣለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ መደንገጉን መደብሩ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የተረፈው ሰዓት «ትብብር» የተባለውም ስለዚሁ ነው። ለትብብር ደግሞ የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ ነውር ነው።

ባልደረባዋ በበኩሏ ለምሳ የምትወጣው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ጾም በማታውጅበት በበዓለ ሃምሳ መደብሩ ያለ ቄስና ያለ ቀኖና ያስጾማታል። በረመዳን ፍትሑ ይበልጥ ይደምቃል፤ ለጿሚዋ ሠራተኛ የምሳ እረፍቷ አንዲት ደቂቃ ሳይዛነፍ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይሰጣታል፤ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ግን ገበያው የሚደራበት ሰዓት ነውና፣ የሌላውን ሰው ቴምር እየመዘነች ትቆያለች። ሰው ሁሉ ምሳ የሚበላበት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ በሰሌዳዋ ላይ የሱፐርቫይዘሩና የባለቤቱ የእህት ልጅ ስም ሰፍሮበታል፤ ኃላፊነት ያደክማል።

እረፍቱም ራሱ ሊመሰገን ይገባዋል። በወረቀት 1 ሰዓት የሆነው እረፍት በዕቃ ክፍሉ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ ልጅቱ በሳሙና ካርቶኖች መካከል ቆማ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ የረጋውን ሽሮ በቀዝቃዛ እንጀራ ጠቅልላ ሁለተኛውን ጉርሻ ልታነሣ ስትል «ሰው መጥቷል!» የሚል ድምፅ ከውጭ ይጠራታል። የምግብ መፍጫ ችግር የሚመጣው ብዙ ከመብላት ነውና፣ ይህም የጤና እንክብካቤ ነው።

ስለ መቀመጫ የሚያነሡ አሉ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1899 ባወጡት ሕግ ለሦስት ሴት የሱቅ ሠራተኞች ቢያንስ አንድ መቀመጫ እንዲኖር አስገድደዋል፤ የሕንዷ ታሚል ናዱ ግዛትም በ2021 የሱቅ ሠራተኞች የሚያርፉበት ወንበር እንዲቀርብላቸው ደንግጋለች። እኛ ግን ቆመው የሰቀሉትን ቁጭ ብለው ማውረድ እንደሚቸግር ከአባቶቻችን ስለተማርን፣ መደርደሪያውን ቆማ የሞላችውን ልጅ ቆማ እንድትሸጠው እናደርጋለን። በርጩማ የለም እንዳይባል ደግሞ ከሒሳብ መክፈያው ጀርባ አንድ አለ፤ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ተቀምጦበታል።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሒሳብ ልከፍል ስቀርብ፣ ካሸሯ አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጠ እግሯን በተዘረጋ ካርቶን ላይ አሳርፋ አየኋት። የሱፐርቫይዘሩን ኮቴ ስትሰማ ዓይኗን ከማሽኑ ሳታነሣ በጣቶቿ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች።

«ምሳ በልተሻል የኔ ልጅ?» አልኳት።

«በልቻለሁ ጋሼ፤ ጠዋት» አለችና የ3 ብር ዝርዝር አጥታ በምትኩ ማስቲካ ዘረጋችልኝ። ለራስሽ አድርጊው ብዬ ብመልስላት፣ ፈገግ ብላ ወደ ሱፐርቫይዘሩ አየት አደረገች፤ በሥራ ሰዓት ማኘክ ክልክል ነው።