ማስተካከያ፦ የታይላኮይድ ሽፋን ከምንድን ነው የተሠራው?

ስለ ፎቶሲንተሲስ ባለፈው በወጣው ጽሑፍ ላይ ሁለት ነጥቦች መታረም አለባቸው። ጽሑፉ የታይላኮይድ ሽፋን፣ ማለትም በተክል ሴል ውስጥ ብርሃን ተይዞ ፎቶሲንተሲስ የሚጀመርበት ሽፋን፣ እንደ ሌላው የሴል ሽፋን በዋናነት ከፎስፎሊፒድ (ፎስፈረስ ካለው ስብ) የተሠራ ነው ይላል። የሽፋኑ ስብ ፕሮቲኖቹን ከመያዝ ያለፈ ሥራ እንደሌለውም ይገልጻል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ከሽፋኑ ስብ ሦስት አራተኛ ያህሉ ጋላክቶሊፒድ ነው፤ ማለትም ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር የተሸከመ ስብ። በብዛት የሚገኘው ፎስፎሊፒድ አንድ ብቻ ነው፣ ፎስፋቲዲልግሊሰሮል። ይሄ ለተክሉ ቀላል ነገር አይደለም። ፎስፈረስ ከአፈር እንደልብ አይገኝም። እጥረት ሲመጣ ተክሉ በሌሎች የሴሉ ሽፋኖች ያለውን ፎስፎሊፒድ እያፈረሰ በቦታው ጋላክቶሊፒድ ይተካል። የተረፈውን ፎስፈረስ ለሌላ ሥራ ያውለዋል። በጣም የሚደንቅ ብልሃት ነው!

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። በ2011 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች በታይላኮይድ ሽፋን ላይ ተቀምጦ በብርሃን ኃይል ውሃን የሚሰነጥቀውን የፕሮቲኖች ስብስብ፣ የፎቶሲስተም 2ን መዋቅር፣ በ1.9 አንግስትሮም ጥራት (አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) አሳዩ። ናሙናው ፎቶሲንተሲስ ከሚሠራ ባክቴሪያ፣ ከሳይኖባክቴሪያ፣ የተወሰደ ቢሆንም የተክሎቹም አሠራር በመሠረቱ ያው ነው። ፎቶሲስተሙ ከሁለት ተመሳሳይ ግማሾች የተሠራ ነው፤ ታዲያ በእያንዳንዱ ግማሽ ክፍል ከ20 በላይ የሊፒድ (የስብ) ሞለኪውሎች ተገኙ። አንዳንዶቹ ከፕሮቲኖቹ መሃል ጠልቀው የገቡ ናቸው። ሊፒዱ ራሱ የማሽኑ አካል ነው ማለት ነው።

በቤተ ሙከራም ታይቷል። ከሁለቱ ዋና ጋላክቶሊፒዶች አንዱን በበቂ መጠን መሥራት የማይችል አራቢዶፕሲስ (ተመራማሪዎች ለሙከራ የሚጠቀሙበት ትንሽ ተክል) ይቀጭጫል፤ ፎቶሲንተሲሱም ይዳከማል።

የቀድሞውን ጽሑፍ ለፈተና በማስታወሻ የያዛችሁ ተማሪዎች፣ እባካችሁ ሁለቱንም ነጥቦች አርሙ።