አስፋልቱ ደርሷል፣ አውቶቡሱ የታለ?

ዛሬ ልናደድ ነው፤ ቻሉኝ።

በምሥራቅ ኡታር ፕራዴሽ፣ ሕንድ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ የምሰበስብባት አንዲት ትንሽ መንደር አለች። እስከ ከተማው ባቡር አለ። ከዚያ እስከ ገበያው አውቶቡስ አይጠፋም። ጉዱ ያለው የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው። እዚያ ያለው ቴምፖ ብቻ ነው፤ የኛን ባጃጅ ታላቅ ወንድም በሉት። ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። ሞላ ስትሉ ደግሞ ሁለት ሰው ከሹፌሩ ግራና ቀኝ ይለጠፋል፣ የማዳበሪያ ጆንያ ከኋላ ይታሰራል። ከመሸ እሱም የለም።

መንግሥት አያውቅም እንዳትሉኝ። አሳምሮ ያውቃል! የ2011 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አንብቧቸው) መንደሩን አንድ በአንድ መዝግቦታል፤ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ሕፃን። አውቶቡስ ይገባል ወይ ብሎም ይጠይቃል። ካልገባ በቅርብ የሚገኝበት ርቀት በፊደል ይጻፋል። ከ5 ኪሎ ሜትር በታች «ኤ»፣ ከ5 እስከ 10 «ቢ»፣ ከዚያ በላይ «ሲ»። የኔዋ «ቢ» ናት። ወረቀት ላይ «ቢ» ምንም አትከብድም። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ባለፈበት ሰኔ፣ ጡረታቸውን ከባንክ ሊያወጡ የሚወርዱ እናት ግን በእግራቸው ነው የሚለኳት።

ቁጥሩ ለምን ይሆን የሚሰበሰበው? ለመንገድም ጭምር። በ2000 የተጀመረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ሜዳማ አካባቢ ላይ 500 ሰውና ከዚያ በላይ ላለው መንደር መንገድ ሊያደርስ ተነሣ። ለተራራማው 250 ነበር። 499 ከሆናችሁስ? አንድ ልጅ ወልዳችሁ ጠብቁ! እሱም አያዋጣም፤ ምክንያቱም የሚቆጠረው በ2001 የነበረው ሰው ነው። በ2024 የጸደቀው አራተኛው ምዕራፍ 62,500 ኪሎ ሜትር መንገድ ሊሠራ፣ 25,000 መንደሮችን ሊያገናኝ ነው። ደስ ይላል። መነሻው ግን አሁንም የ2011 ቆጠራ ነው። የ2021ዱ በኮቪድ ተራዝሞ፣ ተራዝሞ 2027 ላይ ደርሷል። ከ2011ዱ ቆጠራ ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ገብቷል፤ ለመንገዱ ስሌት ግን ገና አልተወለደም።

(«የአገርህን ገጠር ትተህ የሕንድን ታማለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነህ ወንድሜ። እሱን ሌላ ቀን።)

የኔዋ መንደር እንኳ ዕድለኛ ናት። አስፋልቱ ደርሷታል። ዳር ላይ ወጪውንና ርዝመቱን የሚናገር ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ ሰው ተሳፍሮ አይሄድም እንጂ! መንገዱን የሚሠራው አንዱ ነው፣ አውቶቡስ የሚያሰማራው ሌላ ነው። ሁለቱ የተነጋገሩ አይመስልም። የግል አውቶቡስ ባለቤት የጠየቅኩት «እዚያ ተሳፋሪ የለም» አለኝ። እንዴት ይኑር? ወንዱ ሙምባይና ሱራት ለሥራ ሄዷል። አቅም ያለው ሞተር ገዝቷል። ተማሪው ብስክሌት ላይ ነው። አሮጊቶቹ ቤት ቀርተዋል። አውቶቡስ ስለሌለ ተሳፋሪ የለም፣ ተሳፋሪ ስለሌለ አውቶቡስ የለም፤ በዚህ ዙር ውስጥ ሁሉም ትክክል ነው፣ ማንም ግን ከመንደሩ አይወጣም።

በጣም ያበገነኝ ደግሞ የራክሻ ባንዳን በዓል ነው። እህት ለወንድሟ ክር የምታስርበት ቀን ስለሆነ የክልሉ አውቶቡሶች ለሴቶች ነፃ ይሆናሉ። ሁሉም ያጨበጭባል። የኔዋ መንደር ሴት ግን ነፃው አውቶቡስ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ለቴምፖ ትከፍላለች። የበዓል ቀን ስለሆነ ደግሞ ሹፌሩ ዋጋ ጨምሯል።