የቱ ገጽ ላይ ቆምሽ?

የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሶፋው ላይ ተጋድማ መጽሐፍ ታነባለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የተማሪዎች ደብተር አርማለሁ። ድንገት መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ጣቷን ግን ካቆመችበት ገጽ አላወጣችም። ተነሥታ እስከ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች።

«ምነው?» አልኳት።

«በሩን ልትከፍተው ነው።»

«ማናት?»

«ልጅቷ ናታ! ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም። ዝም ብላ ልትከፍተው ነው። ሞኝ!»

ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ተናዳለች፣ ፈርታለች፣ ደስም ብሏታል። ከደቂቃ በኋላ ተመልሳ ተጋደመችና ጣቷን ካስገባችበት ቀጠለች።

መምህር ነኝና አፌ ላይ የመጣው ጥያቄ «መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ዋጥኩት። ብጠይቃት ኖሮ «ስለ አንዲት ልጅ ነው» ትለኝና ወሬው እዚያው ያልቅ ነበር።

ታዳጊዎች ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ሲያነቡ የሚሰማቸውን ነገር እኛ ትልልቆቹ አናከብረውም። ልጁ ልቡ ተንጠልጥሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ ሲመጣ «ምን ተማርክበት?» እንለዋለን። የተሰማውን መንገር ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ጭብጥ እንጠይቃለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲህ ነበር የማስተምረው። የመጽሐፍ ዘገባ ሲባል ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዋና ገጸ ባሕርያት፣ አጭር ታሪክ፣ መጨረሻ ላይ «ያገኘሁት ትምህርት»። ከ10 ይታረማል፣ ይመለሳል።

አንድ ቀን የአንድ ልጅ ዘገባ አረምኩ። የ15 ዓመት ልጅ ነው፣ ክፍል ውስጥ ብዙ አይናገርም። ዘገባው ንጹሕ ነበር። ታሪኩን በትክክል አሳጥሮታል፣ ትምህርቱንም ጽፏል፤ «ሰው በቀላሉ መታመን እንደሌለበት ተማርኩ»። 8 ሰጠሁት። ደብተሩን ልዘጋ ስል ከመጨረሻው ቅጠል ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር አየሁ። «ገጽ 112 ላይ ስደርስ መብራቱን ማጥፋት አቃተኝ።»

ያን መስመር አነበብኩት። ግን ምንም አልጻፍኩበትም። ምልክት እንኳን አላደረግኩም። ልጁ ስለዚያ መጽሐፍ የጻፈው እውነተኛ ነገር ያ ብቻ ነበር፣ እኔ ግን ማርክ የሰጠሁት ለሌላው ነው። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ገጽ 112 ላይ ምን እንዳለ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም። መቼም አላውቀውም።

ስሜት ምን ያህል ዕውቀት እንደሚይዝ ለማየት ወደ እህቴ ልጅ እንመለስ። «እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም» አለችኝ። የፊልም አዘጋጁ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ፍራንሷ ትሩፎ ጋር ረጅም ቃለ ምልልስ ሲያደርግ ይህንኑ በምሳሌ አስረድቶ ነበር። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ የሚያገኘው የ15 ሰከንድ ድንጋጤ ነው። ቦምቡ እንዳለና መቼ እንደሚፈነዳ አስቀድሞ ካወቀ ግን ያው ተራ ወሬ የ15 ደቂቃ ጭንቀት ይሆንበታል። «ወሬውን ተዉትና ተነሡ!» ብሎ መጮህ ያምረዋል።

ሂችኮክ በዘመኑ ከነበሩ የሙያው ሰዎች አንዱና ትልቁ ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ስሙን ሰምታ አታውቅም። ግን ያንኑ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። ደራሲው ለአንባቢው ምን እንደሰጠ፣ ከገጸ ባሕርይዋ ምን እንደደበቀ ገብቷታል። ያወቀችው ደግሞ በማጥናት አይደለም፣ ልቧ ሲመታ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ላስረዳ የምደክመው ይህንን ነው።

በዚህ ጉዳይ አንድ ሰው አለች፣ ቀደም ብዬ ባነበብኳት የምላት። አሜሪካዊቷ የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሉዊዝ ሮዘንብላት። እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አንድ ጽሑፍ ሕይወት የሚያገኘው አንባቢው የራሱን ነገር ይዞ ሲገናኘው ነው ብላ ተከራከረች። ፍርሃቱን፣ ትዝታውን፣ በዚያ ቀን የዋለበትን ሁኔታ ሁሉ ይዞ ማለት ነው። ከ40 ዓመት በኋላ በ1978 ደግሞ ሁለት ዓይነት ንባብ ለየች። ለአንደኛው የሰጠችው ምሳሌ ከአእምሮዬ አይወጣም። ልጇ መርዝ የጠጣባት እናት የጠርሙሱን ጽሑፍ ታነባለች። የምትፈልገው ማርከሻውን ብቻ ነው። ቃላቱ አማሩ አላማሩ ጉዳይዋ አይደለም። አንብባ የምትወስደው ነገር ነው የሚያስፈልጋት። ሁለተኛው ንባብ ግን እያነበብን ሳለ የምንኖረው ነው። እዚያ ላይ ዋናው ነገር ገጹ ላይ እያለን የሚደርስብን ነው።

«ምን ተማርክበት?» የሚለው ጥያቄ ልብ ወለዱን እንደ መድኃኒት ጠርሙስ ያደርገዋል። ልጁም ይገባዋል። ማርከሻውን ፈልጎ ያወጣና ይሰጠናል። «ሰው በቀላሉ መታመን የለበትም።» እኛም ደስ ይለናል። መብራቱን ማጥፋት ያቃተው ልጅ ግን ደብተሩ ጀርባ ላይ ይቀራል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ይቃወሙኛል። «ስሜት ብቻ ከሆነ ‹አሪፍ ነው› ብለው ይቀመጣሉ» ይሉኛል። እውነት አላቸው፣ ይላሉ። «አሪፍ ነው»፣ «ደበረኝ»፣ «ነርቭ አደረገኝ»። ግን እኛም እኮ እዚያው እናቆማለን። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አንጠይቅም። እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የቱ ገጽ ላይ ቆምክ?» ሁሉም ልጅ መልስ አለው። ከዚያ ገጹን ገልጦ ያሳየኛል። ከዚያ «እዚህ ጋ ነው የጠረጠርኩት» ይላል። «ምን አይተህ?» ስለው ዓረፍተ ነገሩን በጣቱ ይነካል። ጣቱ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ካረፈ በኋላ የቀረው ትምህርት በራሱ ይመጣል።

መልሳቸው ደግሞ አይመሳሰልም። ይሄ ነው ከሁሉ ደስ የሚለኝ። አንዱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ገዳዩን ይገምታል። ስም ዝርዝር አለው፣ ይሰርዛል፣ ይጨምራል። ሌላው መገመት አይፈልግም፤ እንዲታለል ነው የሚያነበው። አንዷ ተማሪዬ ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ ቀድማ ታያለች። ጓደኞቿ እንደ ማጭበርበር ነበር የሚቆጥሩት። «ውሻው እንደማይሞት ካላረጋገጥኩ ማንበብ አልችልም» አለችን። ሁሉም ሳቁ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ውሻው መትረፉን ካወቀች በኋላ ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ ያነበበችው እሷ ነበረች። ሌሎቹ ወደ መጨረሻው ሲሮጡ የዘለሉትን ሁሉ እሷ ለቅማዋለች።

ይህቺን ልጅ የሚደግፍ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጆናታን ሌቪት እና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ለተማሪዎች ሰጡ። አንዳንዶቹ መጨረሻው ቀድሞ ተነግሯቸዋል። እነሱ በአማካይ ታሪኮቹን የበለጠ ወደዷቸው። ከዚያ በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎች የተሠሩ ጥናቶች የተለየ ውጤት አግኝተዋል፣ ስለዚህ ነገሩ አልተዘጋም። እኔም ጓደኛው መጨረሻውን ቀድሞ ነግሮ «ስፖይል» ስላደረገበት ያለቀሰ ልጅ አይቻለሁ፤ ንዴቱ እውነተኛ ነው። አንዱን ያረጋጋው ሌላውን ይዘርፈዋል። ለሁሉም የሚሆን አንድ ሕግ አታወጡም።

ንዴት ካነሣሁ አይቀር፣ በደራሲው ላይ የሚመጣው ንዴትም አለ። ልጆች መጨረሻው ሳያምራቸው ሲቀር ደራሲውን ይጣሉታል። «እንዴት እንዲህ ያደርጋል? እኔ ብሆን…» ይላሉ። እባካችሁ ይህንን አትከልክሏቸው። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 የፈጠረውን መርማሪ ሼርሎክ ሆምስን በገደለው ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ናቸው የተቃውሞ ደብዳቤ ያጎረፉለት። አንዲት ሴት ደብዳቤዋን «አንተ አውሬ!» ብላ እንደጀመረች ራሱ ጽፏል። በ1903 ሆምስን ከሞት አስነሣው። «እኔ ብሆን» የሚል ታዳጊ የደራሲውን ወንበር ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። ወረቀትና እርሳስ ስጡት።

አስፈሪ መጽሐፍ ለልጅ ጥሩ አይደለም የሚሉ ወላጆችም አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። አንዳንድ ልጅ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ፍርሃት ከቤቱ ያውቀዋል። መጽሐፉን ዘግቶ «አልፈልግም» ካለ ይተው፤ ለምን ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ፈረንሳዊው ደራሲና መምህር ዳንኤል ፔናክ እ.ኤ.አ. በ1992 ለአንባቢ 10 መብቶችን ዘርዝሮ ነበር። ገጽ መዝለል አንዱ ነው። ሳይጨርሱ መተው ሌላው ነው። አሥረኛው ዝም የማለት መብት ነው። እኔ ብዙ የማስበው ስለዚህኛው ነው። ስሜታቸውን እናክብር ስል፣ ሁሉም እጁን አውጥቶ ይናገር ማለቴ አይደለም። ያ ደብተሩ ጀርባ ላይ በእርሳስ የጻፈ ልጅ፣ ክፍል ፊት ቆመህ ተናገር ብለው ኖሮ ምናልባት ያንን መስመርም አይጽፈውም ነበር። አሁን ተማሪዎቼ ለማንም የማያሳዩት ገጽ አላቸው። ካልሰጡኝ አላየውም። የሚሰጡኝ እየበዙ ነው። ማርክ የለውም። እኔ ግን መልስ እጽፍላቸዋለሁ፣ «እኔም እዚህ ጋ ትንፋሼ ቆመ» ብዬ፣ ከቆመ።

ደብተሮቹን አርሜ ስጨርስ መሽቶ ነበር። የእህቴ ልጅ አሁንም ሶፋው ላይ ናት። የቀራት ጥቂት ገጽ ነው። ቀና ብላ «አክስቴ» አለችኝ።

«ወዬ።»

«ቅድም ሞኝ ብያት ነበር አይደል? በሩን የከፈተችው ልጅ።»

«አዎ።»

«ወንድሟ እዚያ ውስጥ መስሏት ነው እኮ።» ትንሽ ዝም አለች። «እኔም እከፍተው ነበር።»