ስም አውጪዎቻችን ይባረኩ

በዚህ ከተማ ያለ ወረፋ የሚያልቅ ጉዳይ አንድ ብቻ ነው። ቅጽል ስም። ጉርድ ፎቶ አይጠይቅም። ቴምብር አይለጠፍበትም። "ሲስተም የለም" የሚልህ የለም። ጥግ ላይ ድንጋይ የሚያሞቁት የሰፈር ልጆች ከላይ እስከ ታች አንዴ ያዩሃል። በቃ፣ ተጠመቅህ። ክርስትና አባት እንኳ አያስፈልግም።

"ስምን መልአክ ያወጣዋል" ይሉ ነበር አባቶች። መልአኩ ሥራ ቢበዛበት ነው መሰል፣ ለእኛ ሰፈር ልጆች ውክልና ሰጥቷቸዋል። እነሱም አደራ በላ አይደሉም። ወፍራሙን "ቀጮ"፣ ጣሪያ የሚነካውን "አጭሬ"፣ ፀጉር የከዳውን "ጎፈሬ" ብለው ይሾማሉ። የጎደለውን ሞሉለት እንጂ ምን አጠፉ?

የሚያሳዝኑኝ የድሮ ሰዎች ናቸው። ስም ማውጣት መች ያውቁና! ቴዎድሮስ "አባ ታጠቅ"፣ ምኒልክ "አባ ዳኘው"፣ ባልቻ "አባ ነፍሶ"፣ ሀብተ ጊዮርጊስ "አባ መቻል"። በፈረስ ስም ሁሉም ይሞገሳል። አንድ እንኳ በጥርሱ የተጠራ የለም። ምሩፅ ይፍጠርንም ተመልከቱት። "ማርሽ ቀያሪው" ለመባል ስንት ዓመት ሮጠ። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5 ሺህ እና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አጥልቋል። ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ስም! የእኛ ሰፈር ልጆች ወርቅ አይጠይቁህም። አንድ ጊዜ ቦይ ውስጥ መግባት ይበቃሃል።

መኪናም አይቀርላቸውም። ሰው እያጨደ የሚሄደውን አይሱዙ "አልቃይዳ" አሉት። ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥባትን ታክሲ ደግሞ "ውይይት"። እዚህ ላይ ሽሙጤን ልተውና፣ ምሁር ሁሉ ተሰብስቦ ቢመክር እንዲህ ያለ ስም አያወጣም።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የሥራቸውን ጥንካሬ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱሪ ልታሳጥር ትወስድላቸዋለህ። "ነገ ና" ይሉሃል። በነጋታው ስትሄድም "ነገ"። ጋሽ ነገ ተባሉ። ባለቤታቸው ሳይቀሩ "ነገ አልገባም?" ብለው ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያረፉ ዕለት፣ አመሻሽ ላይ፣ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ስማቸውን እስከ አያታቸው ጠራ። ሰፈሩ ጭጭ። አንዲት እናት በበራቸው ብቅ ብለው "ማን ናቸው ደግሞ እኚህ?" አሉ። ሰውዬው ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋሽ ነገ ናቸው" አላቸው። ያኔ ኡኡታው ቀለጠ። መታወቂያቸው ላይ የነበረው ስም አንድ ጠብታ እንባ አላስፈሰሰም።

"ቀብሩስ መቼ ነው?" አለ አንዱ።

"ነገ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም። ለቅሶ ነውና።

እንዲህ ያለ ባለሙያ "ሰው ያዋርዳል" ተብሎ ሲታማ ስሰማ ያመኛል። ደግሞስ ብትቆጣ ምን ልታመጣ? የመታወቂያህን ስም ለማስቀየር ቢያንስ ፍርድ ቤት አለ። ይህኛው ግን ይግባኝ የለውም። ብትኮሳተር ይጸናል። አብረህ ብትስቅም ይጸናል። ሰፈር ብትለቅ፣ ዕቃህ ሳይራገፍ ስምህ ቀድሞህ ደርሶ ይጠብቅሃል። "በፍቅር እኮ ነው" ይሉሃል ደግሞ። እርግጥ ነው። ሰው የሚወደውን ሰው በሕይወቱ እጅግ ባፈረበት ቀን ካልጠራው በምን ሊጠራው ኖሯል?

እኔ ራሴ ተጠቃሚ ነኝ። ጎረምሳ እያለሁ ዕድር ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ሁለት ሐሳብ አለኝ" አልኩ። "አንደኛ..."

ጠፋኝ። አንደኛውም፣ ሁለተኛውም። ሰብሳቢው ጠበቁ። ቤቱ ጠበቀ። አንድ ሽማግሌ "አይዞህ ልጄ፣ ከሁለተኛው ጀምር" አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ከአዳራሹ ስወጣ ስሜ አንደኛ ነበር።

ስሙ እንደጠቀመኝ አልክድም። ባለቤቴ ሳንጋባ በፊት ልጆቹ "አንደኛ! አንደኛ!" ሲሉኝ ሰምታ፣ በትምህርቴ መስሏት ነበር። ለእናቷም እንደዚያው ነገረቻቸው። አማቴ "ጎበዝ ልጅ ነው አሉ" እያሉ ጎረቤት አዳረሱ። እኔ ዝም አልኩ። እውነቱን የሰማችው በመልሱ ማግስት ነው፤ አንዱ ሚዜዬ ሞቅ ሲለው ዘረገፈው። እስከ ዛሬ ገበያ ስትልከኝ ከሁለት ዕቃ በላይ ከሆነ በወረቀት ጽፋ ነው የምትሰጠኝ።

ባለፈው ሳምንት የሰባት ዓመት ልጄ ከውጭ ሮጦ ገባ። እዚያው ጥግ ላይ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ የሚቀመጡት ልጆች እሱን ሲያዩ በሳቅ እየወደቁ ነው አለኝ።

"አባዬ፣ 'ሁለተኛው ሐሳብ መጣ' ይሉኛል። ምን ማለት ነው?"