ቁጥሮቹ ስላልተመሳሰሉ ብቻ ሰዓቱ የተገጣጠመ ነው አይባልም

«የአሮጌ ሰዓት ቀፎ (የውጭ አካሉ) እና ማሽን (የሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ክፍሉ) ቁጥር ካልተመሳሰለ፣ ሰዓቱ ከሌሎች ሰዓቶች ተለቃቅሞ የተገጣጠመ ነው» የሚለው አባባል እየተዛመተ ነው። ጥንቃቄው መልካም ነው፤ መመዘኛው ግን የተሳሳተ ነው። የመኪናም የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ይለያያል እኮ።

በብዙዎቹ የቀድሞ የኦሜጋ የእጅ ሰዓቶች መለያ ቁጥሩ ያለው ማሽኑ ላይ ነው፤ ከኋላ ባለው ክዳን ውስጥ የሚነበበው የሞዴሉ ቁጥር ነው። ሌላው ሰዓት ሠሪ ፓቴክ ፊሊፕም ለማሽኑና ለቀፎው የተለያየ ቁጥር ይሰጣል።

መታየት ያለበት የማሽኑና የቀፎው ዘመን መግጠሙ ነው። ለምሳሌ መለያ ቁጥሩ በ17 ሚሊዮን የሚጀምር የኦሜጋ ማሽን የ1960 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሥራ ነው። ክዳኑ ላይ ከዚያ በኋላ ስለተደረገው የጨረቃ ጉዞ ከተጻፈ፣ አንዱ ክፍል በኋላ የመጣ ነው። ክዳኑን ባለሙያ ከፍቶ ያመሳክረው።

አለበለዚያ ደህናው ሰዓት በርካሽ ይሸጣል፤ ተመሳሳይ ቁጥር ለሚፈልግ ገዢ ደግሞ አጭበርባሪው ቀርጾ ያቀርብለታል።