ባቡሩ ለማን ተሠራ?

ስለ ቅኝ ግዛትና ስለ ጎረቤቶቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። «ቅኝ ገዢዎች ለጎረቤቶቻችን ባቡርና ወደብ ትተውላቸው ሄዱ፣ እኛ ግን ቀረብን» የሚለው ላይ ግን አልስማማም።

እስቲ ሱዳንን እንይ (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዓባይ የእኛን የጎጃምን አፈር ተሸክሞ ሲወርድ ኖሯል። ከካርቱም በስተደቡብ ያለው የገዚራ ሜዳ የለማው በዚሁ ውሃ ነው። እንግሊዞች በ1925 የሴናርን ግድብ ጨርሰው እዚያ ጥጥ በሰፊው አስመረቱ። ጥጡ በባቡር ፖርት ሱዳን ይደርስ ነበር፣ ከዚያ በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ላንክሻየር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች። ለገበሬው የሚደርሰው ከጥጡ ገቢ 40 በመቶ ነበር። የቀረውን መንግሥትና የእንግሊዝ ኩባንያ ይካፈሉት ነበር። ምን እንደሚዘራ እንኳ የሚወስነው እሱ አልነበረም። በ1930ዎቹ የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ዕዳው እሱ ላይ ተቆለለ።

የሱዳን ደቡብና በምዕራብ ያለው ዳርፉር ደግሞ ጭራሽ ተረሱ። በኋላ ሱዳን ውስጥ ለተነሣው ጦርነት አንዱ ሥር እዚህ ነው፤ ሁሉም ነው ግን አልልም።

እኛም ብንሆን ሙሉ በሙሉ አላመለጥንም። ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ያለ እንግሊዝ ስምምነት በዓባይም በጣናም ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ቃል ገብተዋል። አድዋ ካለፈ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር!

በምሥራቅ ሱዳን ያለው የገዳሪፍ የማሽላ እርሻም በትራክተር የተጀመረው በ1940ዎቹ ነው፤ ለእንግሊዝ ጦር ቀለብ ተብሎ። የእኛ አገር ልጆች በመተማ ተሻግረው ለአጨዳ ሲሄዱ የኖሩት ወደዚያው ነው። ጽሑፉ ስለነሱ አንድ መስመር እንኳ የለውም። ክፍል ሁለት ካለ እባካችሁ አስገቡልን።