መለኪያ ይዘው ቤት ለቤት ይሂዱ? የልብ ሕመምን ስለመከላከል ክርክር ከሐዋሳ

ጥያቄው ይህ ነው፦ በሐዋሳ የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሠልጥነው፣ ዕድሜው ከ40 ያለፈውን ነዋሪ ሁሉ ቤቱ ድረስ ሄደው የደም ግፊት ይለኩ ወይስ አይለኩ? ሐሳቡን የሚደግፉት በጤና ጣቢያ የኤክስቴንሽን ሥራ የሚከታተሉ ነርስ ናቸው፤ የሚቃወሙት ደግሞ የውስጥ ደዌ ሐኪም።

ሲስተር፦

ደም ብዛት አያምም። ብዙ ሰው ደም ብዛት እንዳለበት የሚያውቀው ግማሽ ጎኑ ሲሰንፍበት ወይም እግሩ አብጦ ጋደም ማለት ሲያቅተው ነው፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ ደርሷል። ስለዚህ ሰው ወደ መለኪያው እስኪመጣ አንጠብቅ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ክትባትንና የቤተሰብ ዕቅድን በየደጃፉ አድርሷል። ባለሙያዎቹ የልብ ሕመምን ሥራ አይችሉም የሚለውን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት በባንግላዴሽ፣ በጓቲማላ፣ በሜክሲኮና በደቡብ አፍሪካ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ደም ሳይቀዱ፣ በዕድሜ፣ በማጨስ፣ በክብደት፣ በግፊትና በመሳሰሉት ብቻ የልብ ሕመም ሥጋትን አስልተዋል፤ ውጤታቸውም ከባለሙያዎቹ ጋር 97 በመቶ ገደማ ገጥሟል።

ሥልጠናው ንግግር ብቻ ከሆነ ግን ከንቱ ነው፤ እጅ መልመድ አለበት። ተለኪው በ30 ደቂቃ ውስጥ ቡና ያልጠጣ፣ ያላጨሰ፣ ሽንቱን የሸና ይሁን። ጀርባውን ተደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ካፉ፣ ማለትም አየር የሚሞላው የመለኪያው መጠምጠሚያ፣ የሚታሰረው በባዶ ክንድ ላይ ነው፤ እጅጌ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንድ ካጠበቀ ይውለቅ። ከ1 ደቂቃ በኋላ ይደገምና አማካዩ ይመዝገብ። ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት ይበቃል። እንግዳ ሲገባ ቡና መፍላቱ አይቀርም፤ ልኬቱ ይቅደም፣ ቡናው ይደርሳል ብሎ በትሕትና ማስረዳትም የሥልጠናው አካል ነው። ጫት ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ፣ የቃመ ሰው በማግስቱ ጠዋት ይለካ።

ዶክተር፦

ሲስተር፣ የዘረዘሩት ሁሉ ትክክል ነው። የምጠራጠረው በየቤቱ መሟላቱን ነው። መቀመጫው ወይ ዱካ ነው ወይ ዝቅ ያለ ሶፋ። ክንድ ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ንባቡ በ7 ወይም በ8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ይላል። ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ላለው ክንድ የተሠራ ካፍ 36 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክንድ ላይ ከተጠመጠመ ደግሞ ጤነኛዋን ታማሚ ያደርጋታል።

ዋናው ክርክሬ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንድ ቀን 140/90 መገኘት ብቻውን ደም ብዛት አያሰኝም፤ በሌላ ቀን መረጋገጥ አለበት። ከተረጋገጠ ታካሚው፣ ለምሳሌ ግፊት ማውረጃውን አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ በየቀኑ ምናልባትም ዕድሜ ልኩን ሊወስድ ነው። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ያቆማል። ቁርጭምጭሚቱ ሲያብጥና ከመድኃኒቱ የመጣ መሆኑን የሚነግረው ሲያጣ ያቆማል። ተሽሎኛል ብሎም ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የኮሎምቢያና የማሌዥያ ጥናት ግፊትን በደንብ ያወረደው ሐኪም ያልሆኑ ሠራተኞች ስለለኩ ብቻ አልነበረም፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጥ ነበር፣ ከቤተሰብ ወይም ከወዳጅ አንድ ሰውም ታካሚውን ያግዝ ነበር። እኛ መለኪያውን ብቻ ወስደን ያንኑ ውጤት እንጠብቅ?

ሌላም አለ። በአገራችን ብዙ ወጣት የሚጎዳው ከቶንሲል በሚነሣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። 100/60 የምትለካ የ14 ዓመት ልጅ የልቧ ቫልቭ፣ ማለትም የደሙ መተላለፊያ በር፣ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ካፍ ይህን አያይም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮው ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ሲቆስል በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ካገኘ ወደዚህ የልብ ሕመም የሚያደርሰውን ሩማቲክ ትኩሳት መከላከል ይቻላል። እናቶች እንጥል ከማስቆረጥ ይልቅ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያመጡት ማስተማር ከሺህ ልኬት ይበልጥብኛል።

ሲስተር፦

የቶንሲሉን ነገር ያለ ክርክር እቀበላለሁ፤ ሥልጠናው ውስጥ ይግባ። ሌሎቹ ግን መፍትሔ አላቸው። ለእያንዳንዷ ባለሙያ ሁለት መጠን ካፍና የልብስ ሰፊ ሜትር ይሰጣት፤ መጀመሪያ የክንዱን ዙሪያ ትለካለች። መቀመጫው ዝቅ ካለ ክንዱ በታጠፈ ጋቢ ወይም በትራስ ከፍ ይበል። ተቆጣጣሪውም መዝገቡን ያንብብ፦ በዲጂታል መለኪያ በዜሮ የሚያልቀው ንባብ ከ10 አንድ ገደማ ነው። ገጹ በ120/80 እና በ130/90 ከተሞላ ልኬቱ በግምት ነው፤ ባለሙያዋ እንደገና ትሠልጥን። ባትሪ ድንጋይ በበጀት ይያዝ፤ አለዚያ መለኪያው በሁለተኛው ወር መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ባለሙያዋ "ደም ብዛት አለብህ" አትልም፤ ቀጥራ ደግማ ትለካለች። 180/110 የደረሰ በዚያው ቀን ይላካል፤ ደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለበት በአምቡላንስ። እ.ኤ.አ. በ2020 ከባንግላዴሽ፣ ከፓኪስታንና ከስሪላንካ የወጣው ጥናትም ቤት ለቤት የተደረገው ክትትል የላይኛውን ቁጥር ከተለመደው ሕክምና በ5 የበለጠ ማውረዱን አሳይቷል። 5 ትንሽ አይምሰልዎ፤ የልብ ድካምንና ስትሮክን ጨምሮ ከባድ አደጋን በ10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጨው አለ፦ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ በርበሬውና አዋዜው ውስጥ ያለው ተቆጥሮ። ይህ የሚመከረው ማዕድ ቤት ገብቶ እንጂ ከቢሮ አይደለም።

ዶክተር፦

እንግዲያው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ያሉትን፣ ቀጠሮ ያሳለፉትን ታካሚዎች ይፈልጉ። ሩማቲክ ትኩሳቱ እንዳይመለስባቸው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚወጉትንም እንዲሁ፤ መርፌው ግን ከባድ አለርጂ ቢነሣ የሚሰጠው አድሬናሊን ባለበት ጤና ጣቢያ እንጂ በቤት አይሰጥ። ከ6 ወር በኋላ ከተመዘገቡት ስንቱ ከ140/90 በታች እንደወረዱ እንቁጠር። አዲስ ልኬት መድኃኒት ባልተቋረጠበት ጤና ጣቢያ ዙሪያ ብቻ ይጀመር።

ሲስተር፦

ዶክተር፣ መዝገብዎ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ የደረሰ ሰው ብቻ ነው። በሐዌላ ቱላ ገጠር ቀበሌዎች አንድም ቀን ያልተለካው ገበሬ እዚያ ውስጥ የለም፤ 6 ወርም አይጠብቀውም። ቀጠሮ ያሳለፈውን ታካሚ ፍለጋ በምንገባበት ቤት ባለቤቱን/ባለቤቷን፣ ከ40 ያለፉ ወንድምና እኅቶቹንም እንለካ። ደም ብዛት በዘር ይሄዳል፤ ወጡም የሚበላው ከአንድ ድስት ነው። መንገዱ ያው ነው፣ የሚጨመረው ለእያንዳንዱ ሰው ሩብ ሰዓት ነው።